ሁለት ካርድ በአንድ ቀንበር

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ስለበረደ አይደለም። አልበረደም። «ጊዜ ሁሉን ያስረሳል» የሚሉኝ ሰዎች በሕዝብ ፊት ሌባ ተብለው አያውቁም። እኔ ተብያለሁ። ያሉኝ ደግሞ መንገደኞች አይደሉም፤ በዚያው ሳምንት እሁድ አባቴ ቤት ተቀምጠው «ልጅህን ለልጃችን» ብለው ሊለምኑ የተዘጋጁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከእኔ የዕርቅ ቃል የምትጠብቁ ካላችሁ ገጹን ከአሁኑ ግለጡት።

አስቴር እባላለሁ፤ የጉኑኖ ልጅ ነኝ። ያኔ ሶዶ አራዳ ሰፈር ውስጥ፣ በፎቶ ቤትና በልብስ ሰፊ መካከል የተሰነቀረች የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ነበረችኝ። ሁለት ደንበኛ አንድ ላይ ከገባ አንዱ ወጥቶ ካልጠበቀ እጄን የማነቃንቅበት ቦታ አልነበረም። ግን ሱቋ ስም ነበራት። ሰው ላፕቶፑን እኔ ዘንድ ጥሎ ሲሄድ የሠርግ ፎቶውን፣ ያላሳተመውን የፈተና ወረቀት፣ ለሚስቱ የማያሳየውን ሁሉ ጥሎ ነው የሚሄደው። ጠጋኝ ካቻቢቴው ቢጠፋ ሌላ ይገዛል። ስሙ ከጠፋ ግን ሱቁን ዘግቶ ወደ እናቱ ቤት መመለስ ነው።

እጮኛዬ ብንያም የሁለተኛ ደረጃ የኮምፒውተር መምህር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይዘምራል፤ ድምፁ ጥሩ ነው፤ ጠባዩ ለስላሳ ነው። «ብንያም ሰው አይጎዳም» ይሉታል። እኔም እል ነበር። ማንንም የማይጎዳው ከማንም ጋር ስለማይቆም መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ማርቆስ የቦዲቲ የእህል ነጋዴ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ብንያምን ያሳደገውና ያስተማረው እሱ ነው፤ ይህንንም በቀን አንድ ጊዜ ካላነሳው ምሳ አይበላም። ማርቆስ ደቡብ አፍሪካ ካለ የአጎቱ ልጅ አንድ ግራፊክስ ካርድ ተላከለት። ጓደኛው ደፋሩ ደግሞ፣ ሶዶ ውስጥ ሥጋ ቤት ያለው ግልፍተኛ ሰው፣ አዲስ አበባ ሄዶ ያንኑ ዓይነት ካርድ ገዝቶ መጣ። ሁለቱ ተማክረው በአካባቢው ያልታየ ጌም ቤት ሊከፍቱ ተነሱ፤ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ካርድ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሦስት ትልልቅ ስክሪኖች፣ የመኪና መሪና ፔዳል።

ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ግራፊክስ ካርድ ጌም ስትጫወቱ የምታዩትን መንገድ፣ ዛፍና ሰማይ የሚስል የኮምፒውተር ክፍል ነው። የሚስለውን ነገር የሚይዝበት የራሱ ሜሞሪ አለው። የእነዚህ ካርዶች ሜሞሪ እያንዳንዱ ስምንት ጊጋ ነበር። ሥዕሉ ከዚያ ከበለጠ ጌሙ ይንቀጠቀጣል፣ ይደበዝዛል፣ ሲብስበት ራሱን ይዘጋል።

ማርቆስና ደፋሩ ካርዶቹን ይዘው ሱቄ የመጡ ዕለት ነገሩን አስቀድሜ ነገርኳቸው። ያኔ ማርቆስን አንቱ እለው ነበር።

«ጋሽ ማርቆስ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ብገጥማቸውም ሜሞሪያቸው አይደመርም።»

«ስምንትና ስምንት ስንት ነው?» አለኝ።

«አሥራ ስድስት።»

«ታዲያ!»

«እያንዳንዱ ካርድ ሥዕሉን ሙሉውን ለራሱ መያዝ አለበት። አዳዲሶቹ ጌሞች ደግሞ ሁለተኛውን ካርድ ዞር ብለውም አያዩት። ሁለቱን ሸጣችሁ አንድ ተለቅ ያለ ብትገዙ ይሻላችኋል።»

ደፋሩ ዓይኑን አጠበበ። «የኔን ካርድ ማን ይሸጣል? ማርቆስ፣ ይቺ ልጅ ለማን ልትሰጥብን ነው?»

«አንቺ ግጠሚ» አለ ማርቆስ እየሳቀ። «የገበሬ ልጅ ነኝ ትያለሽ፤ መቀናጆ አታውቂም? አንድ በሬ የኔ፣ አንድ በሬ የሱ። ለየብቻ ያላረሰ፣ ሲጠመድ ያርሳል። አለቀ።»

መቀናጆን እንዴት አላውቅም! አባቴ አንድ በሬ ብቻ ነበረው፤ አንድ በሬ ካለው ጎረቤታችን ጋር እያቀናጀ ነው አርሶ ያሳደገኝ። ሁለቱ ነጋዴዎች ይህን ከአያቶቻቸው የወረሱትን ዘዴ ኮምፒውተር ውስጥ ሊያስገቡት ቆርጠዋል። ጌም ቤቱን እንኳ «ቀንበር» ብለው ሰይመውት፣ ማስታወቂያው ተስሎ ደርቋል። ካርዶቹን እኔ ዘንድ ትተው ሄዱ፤ ማሽኑንም እንዳሉኝ ሱቄ ውስጥ ገጠምኩት።

በማግሥቱ ከብንያም ጋር ጭማቂ ቤት ተገናኝተን አጫወትኩት። ሳቁ እስኪያንቀው ሳቀ።

«ማርቆስ ጉደኛ ነው እኮ! ሁለቱም ካርድ ያንኑ አንድ ሥዕል ነው የሚይዙት። ስምንት ስምንት ነው፤ አሥራ ስድስት ከየት ይመጣል? ይህን እኮ ለአሥራ አንደኞች በየዓመቱ አስተምራለሁ።»

«በል ንገረዋ! እኔን አልሰማኝም፤ አንተን ይሰማሃል።»

«እነግረዋለሁ» አለ፤ አቮካዶውን በማንኪያ እያማሰለ።

አልነገረውም።

የምርቃቱ ቀን ሐሙስ ነበር። ጌም ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ከሱቄ ስወጣ ለአንዲት ነርስ ላፕቶፕ የምገጥማትን ሜሞሪ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩ፤ ከምርቃቱ በኋላ ሥራ ቦታዋ ሄጄ ልገጥምላት ነበር። ይቺ ከጣት የማትበልጥ ቁራጭ ምን እንደምታመጣብኝ ባውቅ ኖሮ መንገድ ላይ እጥላት ነበር።

ስደርስ ቤቱ ሞልቷል። ለስላሳ ይታደላል፤ ወጣቶቹ በሩ ላይ ይጋፋሉ። ከፊት ወንበር ላይ አቶ ዳልኬ ተቀምጠዋል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ እሁድ ጉኑኖ የሚሄደውን ቡድን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ጥሩ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ብቻ ወንድና ሴት አይለይም።

«አስቴር! መጣህ? ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ!» አሉኝ። ሳሙኝ። «እሁድ አባትህ ቤት እንበላለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እሳቸው ጸለዩ፤ ማርቆስ ንግግር አደረገ። «ይሄ ማሽን አሥራ ስድስት ነው!» እያለ ደጋግሞ አወጀ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ አሥራ ስድስቱ ምን እንደሆነ የገባው ካለ ግን እጄን እሰጣለሁ። ከዚያ ጌሙ ተከፈተ፤ ማርቆስ ሁሉንም ነገር የመጨረሻው ደረጃ ላይ እንዳደርግለት አዘዘኝ። አደረግሁ። ከታች ያለችው፣ ጌሙ ስንት ሜሞሪ እንደሚፈጅ የምታሳየው መስመር ቀላች።

«ጋሽ ማርቆስ፣ ቀልቷል። ዝቅ ላድርገው?»

«ቀይ ያምራል፤ ተይው» አለና መሪውን ያዘ። ራሱ ነው የነዳው፤ በዕድሜው መኪና ነድቶ የማያውቅ ሰው።

መጀመሪያ ላይ አማረ። ሦስቱ ስክሪኖች ላይ ተራራና ሐይቅ ተዘረጋ፤ ሕዝቡ «ውይ!» አለ። ወዲያው ተራራው ደበዘዘ። ዛፎቹ የተላጡ ግድግዳዎች መሰሉ። መኪናዋ እንደ አንካሳ አህያ ሁለት እርምጃ እየሄደች ቆመች፤ ሄደች፤ ቆመች። ከዚያ ሦስቱም ስክሪን ጠቆረ።

አንዱ ጎረምሳ ከበሩ በኩል፦

«ቀንበሩ ተሰበረ!» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ዳልኬ እንኳ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ እውነቴን ነው። የማርቆስን ጆሮ ሲቀላ አይቻለሁና አልሳቅሁም። በሰው ፊት የተዋረደ ኩሩ ሰው አጠገቡ ያለውን መያዙ አይቀርም፤ አጠገቡ የነበርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጌሙን እንደገና አስከፈተኝና ጣቱን የሜሞሪዋ መስመር ላይ ተከለው። መስመሯ ጫፍ ላይ ያለው ቁጥር ስምንት ይላል።

«ይሄ ስምንት ነው። ሌላው ስምንት የታለ?»

«አይደመርም ብዬ ነግሬዎት ነበር፤ ጋሽ—»

«ሌላው ስምንት የታለ ነው የምልሽ!»

ደፋሩ እየገፋ መጣ። «የማን ነው የጎደለው? የኔ ከሆነ—»

«የኔ ነው ወይስ ያንተ?» አለ ማርቆስ። ለአንድ አፍታ ሁለቱ ተፋጠጡ፤ የሚናከሱ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ላይ ወደ እኔ ዞሩ። የተቀያየሙ ሽርካዎች እንዲህ ነው የሚታረቁት፤ በሦስተኛ ሰው ላይ።

«ካርዶቹ እሷ ሱቅ ነው የከረሙት» አለ ደፋሩ።

«ሻተሩን አውርዱ» አለ ማርቆስ።

ወጣቶቹን አስወጡና የበሩን ሻተር አወረዱት። ውስጥ የቀረነው ሁለቱ ባለካርዶች፣ አቶ ዳልኬና ሌሎች የእሁድ ሽማግሌዎች፣ ብንያምና እኔ ነበርን። ብንያም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አየሁት። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ሥራው ነው እኮ! በየዓመቱ ጠመኔ ይዞ የሚያስተምረው ነገር ነው።

ማርቆስ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ነጥቆ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ካቻቢቴዎቼ፣ መሐረቤ፣ ግማሽ ቆሎ፣ የሱቄ ቁልፍ። በመጨረሻ ያቺ የነርሷ ሜሞሪ ተንከባልላ ወጣች። አረንጓዴ ቁራጭ፣ ጥቋቁር ቺፕ የተደረደረባት፣ ላይዋ ላይ ወረቀት የተለጠፈባት። ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፏል? ስምንት ጊጋ።

ደፋሩ አንስቶ ለሁሉም አሳየ። ጮኸ፤ ከደስታ ነው ከንዴት አላውቅም። «ይኸውላችሁ! ስምንቱ ይኸውላችሁ!»

«የደንበኛ ነው!» አልኩ። «የላፕቶፕ ሜሞሪ ነው! ካርድ ላይ ያለው ሜሞሪ እኮ የተበየደ ነው፤ ተነቅሎ አይወጣም! ነርሷን ደውዬ—»

«የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ» አለ ማርቆስ።

አቶ ዳልኬ እጃቸውን አነሱ። «ሀያና፣ ሀያና» አሉ፤ በወላይትኛ እባካችሁ ማለታቸው ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እዚህ የተማረ ሰው አለ አይደለም? ብንያም፣ አንተ መምህር ነህ። ይሄ ምንድነው?»

ደፋሩ ቁራጯን ብንያም መዳፍ ላይ አኖራት። ብንያም ገልበጥ አድርጎ አያት። አንድ ጊዜ ማየት ይበቃዋል፤ ተማሪዎቹ ፊት እንዲህ ያለውን በሳምንት ስንት ጊዜ ይይዛል። ወንድሙን አየ። ከዚያ ቁራጯን አየ።

«ሜሞሪ ነው» አለ።

«ከካርዱ የወጣ ነው?» አሉት አቶ ዳልኬ።

«እኔ… እርግጠኛ አይደለሁም።»

አንባቢዎቼ፣ ማርቆስ ሌባ ሲለኝ ደሜ ፈልቶ ነበር። ብንያም እርግጠኛ አይደለሁም ሲል ግን ደሜ ቆመ። ማርቆስ አያውቅም፤ ጥጋብና ድንቁርና ነው። ብንያም ያውቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? አውቆ የተኛን ሰው ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ እኔም ልቀሰቅሰው አልሞከርኩም።

«ፖሊስ ይጠራ» አለ ደፋሩ። «ሱቋም ይታሸግ።»

ሱቄ ይታሸግ! እስከ ማታ የሶዶ መርካቶ ይደርሳል፤ እስከ ነገ ቦዲቲና ጉኑኖ። ላፕቶፓቸውን እኔ ዘንድ ያኖሩ ሁሉ መጥተው ይሰለፋሉ። ፍርድ ቤት ነፃ ቢለኝ እንኳ የፍርድ ቤትን ወረቀት በየበሩ ዞሮ የሚያነብልኝ ማን ነው? ሌባ የምትለዋ ቃል ግን በራሷ እግር ትዞራለች።

«ፖሊስ ጥሩ» አልኩ። «ከዚያ በፊት ግን ማሽኑን እንክፈተው። እኔ አልነካውም። ማርቆስ፣ አንተ ክፈተው።»

አንተ ማለቴን ሁሉም ሰማ። ራሴም ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ያን ሰው አንቱ ብዬው አላውቅም።

«ያንተን ካርድ ብቻ እናስቀር። ብቻውን ስንት እንደሚል እንይ። ቀጥሎ የደፋሩን ብቻ። ከሁለቱ የወጣ ነገር ካለ አንዱ ላይ ይጎድላል። ጎዶሎ ከተገኘ እጄን ለካቴና እሰጣለሁ።»

አቶ ዳልኬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፍርድ ነው ይሄ። አድርግ።»

ኃይሉን አስጠፋሁት። ማርቆስ ካቻቢቴዬን ይዞ ተንበረከከ። ላቡ አፍንጫው ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። «ያችን ብሎን… አሁን መያዣዋን ተጫን… ቀስ በል፣ ከሰበርከው ያንተ ነው» እያልኩ መራሁት፤ ወደ ኋላ ቆሜ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ። የደፋሩን ካርድ ነቅሎ አወጣ፤ ደፋሩ ነጥቆ እንደ ሕፃን አቀፈው።

ማሽኑ ተነሳ። ጌሙ ተከፈተ። መስመሯ ጫፍ ላይ፤ ስምንት።

ማርቆስ ዘለለ። «የኔ ሙሉ ነው! የኔ አልጎደለም! የጎደለው ያንተ ነው፤ ደፋሩ!»

ደፋሩ ዓይኑ ፈጦ ወደ እኔ መጣ። «የኔን! የኔን መርጠሽ!» አቶ ዳልኬ መሐል ባይገቡ ይመታኝ ነበር።

«ያንተን እንሞክረው» አልኩ። «አሁኑኑ ግጠመው።»

ማርቆስ ካርዱን ቀየረ፤ ገጠመ፤ ደፋሩ ማብሪያውን ሊጫን ጣቱን ዘረጋ። መብራት ሄደ።

የሶዶ ሰው ይህን ያውቃል፤ መብራት የሚሄድበትን ጊዜ መርጦ ነው የሚሄደው። ከሻተሩ ሥር በሚገባው ብርሃን ብቻ ፊት ለፊት ተቀምጠን ቀረን። ማንም አልወጣም። ማንም አላወራኝም። ውጭ ባጃጆች ይጮኻሉ፤ ተረኛ ጠሪው «ቤሌ! ቤሌ!» እያለ መንገደኛ ይሰበስባል። ሽማግሌዎቹ አልፎ አልፎ ያዩኛል፤ እሁድ ሊለምኗት የነበረችውን ልጅ እንደ አዲስ ሰው ያዩኛል። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ለሌላው «ከቤተሰቧ ማን ነበር እንዲህ ያለ?» ሲል ሰማሁት። ዘሬን ሊቆጥሩ ጀምረዋል።

እኔ ስለ ካርዱ አልተጠራጠርኩም፤ አንድ ፍርሃት ግን ነበረኝ። ማርቆስ ሲገጥም በኃይል ገፍቶት ነበር። የካርዱን መግጠሚያ ጥርስ ሰብሮት ቢሆንስ? ምንም ባያሳይስ? ያኔ «ባዶ ነው» ይባላል፤ ማንም አይሰማኝም።

ብንያም መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ደስ አለኝ፤ ሞኝነቴ! ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ነበር።

«አስቱ» አለ በሹክሹክታ። «ካለሽ መልሺላቸውና ይለቅ። ማርቆስን እኔ አስታርቅሻለሁ። እሁድ እንዳይበላሽ።»

ፊቴን ወደ እሱ አዞርኩ።

«የትኛውን ስምንት ነው የምመልሰው፣ ብንያም?»

የጫማውን ክር መፍታትና ማሰር ጀመረ።

«ጭማቂ ቤት ሆነህ ስትስቅበት የነበረውን ነው?»

«አሳድጎኛል እኮ» አለ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «በሽማግሌ ፊት ተሳስተሃል እንዴት ልበለው?»

ሊታሰር የቀረበውን ሰው ተዉት፤ እሱ የጨነቀው ወንድሙ እንዳያፍር ነው። ተነስቼ ወደ ሌላው ጥግ ሄጄ ቆምኩ።

መብራት መጣ። ደፋሩ ማብሪያውን ተጫነ። ስክሪኑ ጠቁሮ ቆየ፤ ቆየ። ከዚያ በራ። ጌሙ ተከፈተ። ደፋሩ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋ።

«ስንት ይላል?» አሉ አቶ ዳልኬ።

ደፋሩ ስክሪኑን በእጅጌው ወለወለና እንደገና አየ።

«ስንት ይላል ነው የምልህ፣ ሰውዬ!»

«ስምንት» አለ።

«ሁለቱንም አንድ ላይ መልሱት» አልኩ። መለሱት። ስምንት። ማንም ሳይጠይቀኝ እንደገና አስነቀልኳቸው፤ እንደገና አስገጠምኳቸው። ስምንት። ንዴቴ ስላልወጣልኝ ነው።

አቶ ዳልኬ ግራ ገባቸው። «ይሄስ ሙሉ፣ ያም ሙሉ። ሲገናኙ ስምንቱ የት ይገባል?»

«አቶ ዳልኬ፣ እርስዎ በመቀናጆ አርሰዋል?»

«ሰላሳ ዓመት!»

«የእርስዎ በሬና የጎረቤትዎ በሬ ሲጠመዱ ጉልበታቸው ይደመራል። ሆዳቸውስ? የጎረቤቴ በሬ በልቷል ብለው የእርስዎን በሬ ሳያበሉ ያጠምዱታል?»

«ኧረ ይወድቃል!»

«ሁለቱም ሙሉ ሆድ መብላት አለበት። አንዱ ለአንዱ አይበላለትም። ካርዶቹም እንደዚያው ናቸው። ሥዕሉን ይሄም ሙሉውን ይይዘዋል፣ ያም ሙሉውን ይይዘዋል። ሁለት ሆድ ስላለ አንድ በሬ የሁለት በሬ ድርቆሽ አይበላም። የጠፋ ነገር የለም፤ ከመጀመሪያውም አሥራ ስድስት የሚባል ነገር አልነበረም።»

አቶ ዳልኬ ጭናቸውን መቱ። «ሆድ አይደመርም! ማርቆስ፣ ሰማህ? ሆድ አይደመርም!» ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ቀለለ፤ ለነሱ ነው የቀለለው። አንዱ ሻተሩን ከፍ አደረገ፤ አንዱ የተረፈውን ለስላሳ ከፈተ።

ማርቆስ ካቻቢቴዬን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። «እሺ በቃ፤ መጠርጠር ኃጢአት አይደለም። ንብረት ነው፤ ሰው ይጠረጥራል። በይ አሁን ዝቅ አድርገሽ አስተካክይውና እንክፈት፤ ሰው ውጭ ይጠብቃል።»

ይቅርታዋ ይህች ነበረች።

«ታስተካክላለች፤ ልጃችን አይደለች!» አሉ አቶ ዳልኬ፤ ደስ ብሏቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጾታዬን አስተካክለው። «በሉ ተቃቀፉ። ነገር እዚህ ይቅር፤ እሁድን በደስታ እንድንሄድ።»

ዕቃዬን አንድ በአንድ ለቀምኩ። መሐረቤን፣ ቁልፌን፣ ቆሎዬን እንኳ። ከዚያ ብንያም ፊት ሄጄ መዳፌን ዘረጋሁ። የነርሷ ሜሞሪ እስካሁን እሱ እጅ ነበረች። ሰጠኝ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት፤ ሁሉም እንዲሰማ።

ከንፈሩን ላሰ። «የላፕቶፕ… የላፕቶፕ ሜሞሪ ነው።»

«ከካርድ ይወጣል?»

«አይወጣም።»

አቶ ዳልኬ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። እሱን አዩ፤ እኔን አዩ። ገባቸው።

«አቶ ዳልኬ» አልኩ፤ «እሁድ ጉኑኖ እንዳትመጡ። አባቴን እኔ እነግረዋለሁ።»

ወጣሁ። ስወጣ ዘወር ብዬ ያየሁት ማርቆስና ደፋሩ ካርዶቻቸውን ነቅለው፣ እያንዳንዱ የራሱን በሬ እንደ ባለቤት ይዞ ሲተያዩ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ባጭሩ። ጌም ቤቱ ብዙም አልቆየም፤ ሁለቱ የማን ካርድ እንደሚሻል ሲጣሉ ተለያዩ። ሱቄ አልታሸገም። ሆኖም ያ ሐሙስ ከተማው ውስጥ የራሱን ዕድሜ ኖረ። ዛሬም «ያቺ ሜሞሪ የሰረቀችው?» የሚል አለ፤ ያልሰረቅሁ መሆኔ ወሬ አይሆንማ። ሶዶን ለቅቀሽ ሂጂ ያሉኝ ነበሩ። እልኸኛ ነኝ፤ አልሄድኩም። ሱቄን አሰፋሁ፤ ጠረጴዛዬን ወደ በሩ አወጣሁት። ማንም ሰው ኮምፒውተሩ የሚከፈተው እሱ ራሱ ቆሞ እያየ ነው። «አምንሻለሁ፤ ልሂድ» ቢለኝ እንኳ አላስሄደውም። ማመን ሲያልቅ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።

እናንተም የምታነቡኝ፣ ሁለት ነገር ልንገራችሁ፤ አንዱ የሥራ ነው። ሁለት ካርድ አንድ ላይ ልትገጥሙ ያሰባችሁ ተዉት፤ አንድ ደህና ካርድ ግዙ። ሌላው የኑሮ ነው። አብሯችሁ የሚኖረው ሰው የሚያውቀውን እውነት ምን ያህል ሰው በተሰበሰበበት ሊናገረው እንደሚችል ሳታዩ ለሽማግሌ ቀን አትቁረጡ። ለብቻችሁ ስትሆኑማ ሁሉም ይናገራል። ብንያም አሁንም ያንን ትምህርት በየዓመቱ ያስተምራል አሉ። ጎበዝ መምህር ነው ይላሉ።

«ይቅር በይው» ትሉኝ ይሆናል። ማርቆስን ምናልባት አንድ ቀን። ብንያምን አልችልም፤ አልዋሽም።

የዚያን ሐሙስ ከሰዓት ጉኑኖ ገባሁ። አባቴ ለእሁድ ግቢውን አስጠርጎ፣ ከየጎረቤቱ አግዳሚ ወንበር ለምኖ ዋርካው ሥር ደርድሯል። የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ የአንዱን ወንበር እግር በሚስማር ያጠብቃል። ሁሉንም ነገርኩት። ሚስማሩን አፉ ውስጥ እንደያዘ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ልጁ አጠገብሽ ነበር?» አለኝ፤ ሚስማሩን አውጥቶ።

«ነበረ፣ አባ።»

«ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ምን አለ?»

«እርግጠኛ አይደለሁም አለ።»

አባቴ መዶሻውን አስቀመጠ። የአንዱን ወንበር ጫፍ አነሳና በዓይኑ ሌላውን ጫፍ አሳየኝ፤ ያዝኩት። አንድ በአንድ፣ ለየባለቤቱ፣ መለስናቸው።